ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

ስሜ ቢያዝን ነው፤ በቡሬ ከተማ
ጥሩምባዬ ሲጮህ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በጨለማ፣
ከነቀምት መገንጠያ እስከ በርበሬ ተራ
ሰው ሁሉ ያውቀዋል ምን እንደምጣራ።
አንድ ሰው አርፏል፤
ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይሰለፋል።

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሞት ብቻ ለፈፍኩኝ፣
ለሠርግ የጠራኝ የለም፣ እኔም አልቀየምኩኝ።

ያን ማክሰኞ ግን
ማንም ሳይሞት ነፋሁ።

ነጠላ አዘቅዝቀው ከየደጁ ወጡ፣
«የማን ቤት ነው?» እያሉ ወደኔ መጡ፤
እንየው ባጃጁን አቁሞ ወረደ፣
ቄስ ገዳሙ እንኳ ዳዊት አጥፈው መጡ፣ ልባቸው እየራደ።

የሞተ የለም፣ አልኳቸው። ግን ቁሙ፣ አትበተኑ።

ሌባ ገብቷል ቡሬ። አጥር አልነቀነቀ፣
ውሻ አልጮኸበትም፣ ቆርቆሮ አልፈለቀቀ፤
በጆሮ ነው የገባ፣ በለሰለሰ ቃል፣
ስማችንን ከነአባታችን አንድ በአንድ ያውቃል።

ወይዘሮ ይታይሽን ታውቋታላችሁ፣
በርበሬ ስትመዝን እፍኝ መርቃ የምትሸጥላችሁ፤
የሦስት ኩንታል ዛላ፣ የከረመ ላቧን፣
በስልኳ አስቀመጠች ፈትታ መቀነቷን።

«እናቴ» አላት አንዱ፣ አንቱ እያለ፣ አክብሮ፣
«እጣ ወጥቶልዎታል ከቴሌ ዘንድሮ፤
አሁን መልእክት ይገባል፣ ስድስት ቁጥር አለው፣
እሱን ብቻ ያንብቡልኝ፣ ገንዘቡን ልላከው።»

ይታይሽ ፊደል አልቆጠረች። ብር ግን ትቆጥራለች፣
በጨለማ ዳስሳ መቶውን ከሃምሳው ትለያለች፤
መልእክቱ ሲገባ ስልኩ እጇ ላይ በራ፣
ልጅ ጠራች ከጎረቤት፣ ቁጥር የምትጠራ።
ልጅቷም አነበበች፣ ጮክ ብላ፣ ሳትሳሳት፦
ሰባት፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ አራት።
«ጎበዝ!» ተባለች። ከረሜላም ተሰጣት።

ልጅቷ ትርንጎ ናት።
ሦስተኛ ክፍል።
የእኔ ልጅ።

አርባ ስምንት ሺህ ብር ከዚያች ቅጽበት ወዲያ
የለም።

ይታይሽ ሰባት ቀን «ራሴን ነው» አለች፣
ቁና ሙሉ ኀፍረት ብቻዋን ሰፈረች።
ሌባው አልተሸማቀቀም፤ የተሰረቀችው ግን
የሰው ዓይን ፈርታ ሸሸች ፀሐይን።
እኔም የሰማሁት ሰኞ ማታ፣ እራት ላይ፣
«አባ፣ ያነበብኩላቸው ቁጥር ምን ነበር?» ስትለኝ ነው።
የጎረስኩት ሳይወርድ
ጥሩምባዬን ከምስማሩ አወረድኩ፣
እስኪነጋ አቅፌው ቁጭ አልኩ።

እና ስሙኝ፦ ያ የሚላክላችሁ ቁጥር
የመቀነታችሁ ቋጠሮ ነው፣ ለሰው አይነገር።
ባንክ ነኝ ቢል፣ ቴሌ ነኝ ቢል፣ ቢምልም በማርያም፣
ቋጠሮሽን ፍቺልኝ የሚል ዘመድ የለም።
«ፍጠን» ካለህ ዝጋው።
«ለማንም አትንገር» ካለህ ለሁሉም ንገር፤
ሰሚ ካጣህ እኔ አለሁ፣ ጥሩምባም አለኝ።

ዝም አሉ። መሬት መሬት አዩ።
ከዚያ እንየው ባጃጁን ተደግፎ «እኔም…» አለ፤
«ለእህቴ ዱባይ ሥራ አለ ብለው፣ ለፓስፖርቱ…»
ቃሉን አልጨረሰውም።
አንማው፣ ያ ስንቱን ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ ሽበቱን አከከ፦
«በቴሌግራም ነው፤ በሳምንት እጥፍ ይሆናል አሉኝ።»
ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም።
ቄስ ገዳሙ «ለደብሩ ጣሪያ…» ብለው ጀመሩና
መስቀላቸውን አገላበጡት።

ይሄኔ የይታይሽ በር ተከፈተ።
በስምንተኛው ቀን ወጣች፣ ፊቷን ሳትከናነብ።
እጇ ላይ ስልኳ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር።
«እናቴ፣» አለ ድምፁ፣ «ያ የጠፋብዎት እንዲመለስ
ትንሽ የሚከፈል ነገር…»

አየችኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም።
ስልኩን ወደ ጥሩምባዬ አፍ አስጠጋችው።
ሃያ አንድ ዓመት ለሙታን ያካፈልኩትን ትንፋሽ
ሰብስቤ
ነፋሁለት።

ገንዘቡ አልተመለሰም። ፖሊስ ጽፎ ይዟል፣ ጠብቁ ይላል።
ትርንጎ ግን ዛሬም ለጠራት ሁሉ ታነባለች፤
ከማንበቧ በፊት ብቻ ስልኩን በእጇ ከድና
«ማዶ ያለው ማን ነው?» ትላለች።